መጋዙን መግፋት ከጀመርክ አጥፋው

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ሰላም ጋሼ። ከአጎቴ የተረከብኩት ያገለገለ የቤንዚን ሞተር መጋዝ አለኝ። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ጓሮ የወደቀ ትልቅ ዛፍ ልቆራርጥበት ጀመርኩ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። አሁን ግን ካልተጫንኩት አይቆርጥም። የሚያወጣው ሰጋቱራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ አቆራረጡም ወደ ቀኝ ይጠማል። ሞተሩ ግሎ ካጠፋሁት መልሶ አይነሳልኝም። ትናንት ደግሞ በድንገት ወደ ፊቴ ተወረወረ። ፍሬኑ ነው መሰለኝ ያተረፈኝ። መጋዙ ተበላሽቶ ነው ወይስ አያያዙን የማላውቅ እኔ ነኝ? ይሄን ከጨረስኩ አጠገቡ የቆመውንም ዛፍ ልጥለው አስቤ ነበር።»

እንኳን ተረፍክ። መፍራትህንም አትጥላው። ሞተር መጋዝ የማይፈራ ሰው አጠገብ መሥራት እኔም አልወድም።

መጋዙ ነው ወይስ እኔ ላልከው መልሱ «ሁለታችሁም» ነው። ከሞተሩ አለመነሳት በቀር የነገርከኝ ሁሉ ከአንድ ቦታ የመጣ ነው። ሰንሰለቱ ደንዝዟል። ስለደነዘዘ ተጫንከው። ስትጫነው ዓይንህ የምትቆርጠው ቦታ ላይ ቀረና የብረቱን ጫፍ ረሳኸው። ጫፉ ከኋላ ያለ ሌላ ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ነካ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ።

ለዚህ ነው መጋዝ ለሚለምድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ብቻ የሆነው፦ መጋዙን መግፋት ከጀመርክ አጥፋው። የተሳለ ሰንሰለት እንጨቱን ራሱ ስቦ ይገባበታል። የመጋዙ ክብደት ይበቃዋል። የአንተ ሥራ መያዝና መምራት ነው። ጉልበት መጨመር ካስፈለገህ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የተበላሸው ሰንሰለቱ ነው።

ስለ ሰንሰለቱ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ታገሰኝ። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት ከዚህ በኋላ መሪ ብረት እለዋለሁ።

ጥርሶቹን ጠጋ ብለህ እያቸው። ሞተሩን አጥፍተህ፣ ጓንት አድርገህ ነው ታዲያ። እንደ ተራ መጋዝ ሹል ጫፍ የላቸውም። እያንዳንዱ ጥርስ የአናጢ መላጊያ ይመስላል፤ ሥራውም መላጥ ነው። ከፊቱ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ጥርሱ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚነክስ የምትወስነው እሷ ናት። በአብዛኛው ሰንሰለት ላይ ከጥርሱ አናት ወደ 0.65 ሚሊ ሜትር ዝቅ ትላለች። ጥርሶቹ ደግሞ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ እየተፈራረቁ ነው የተደረደሩት።

ይህ ቅርጽ ከየት እንደመጣ ስሰማ በጣም ነበር የገረመኝ። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆሴፍ ኮክስ የሚባል አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ የአንድ ጥንዚዛ እጭ ጉቶ ውስጥ እንጨት ስትበላ ያያል። ትሏ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እየነከሰች ነው መንገዷን የምትከፍተው። እሱም ያንን አገጭ በብረት ሠራው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰንሰለቶች እንጨቱን የሚፍቁ ነበሩ፤ ቶሎ ቶሎም ይደነዝዙ ነበር። ዛሬ እጅህ ላይ ያለው ሰንሰለት የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ስለዚህ የሚወጣው ሰጋቱራ ይናገራል። ደህና ሰንሰለት ወፈር ያለ ቁርጥራጭ ይወረውራል። ዱቄት ካየህ ጥርሱ መላጥ ትቶ እየፈተገ ነው። ሲፈትግ ይግላል። ሲግል ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ መሪ ብረቱ ይቃጠላል፣ ሞተሩም ያለ ሥራው ይለፋል። አንዳንዴ ከእንጨቱ ጭስ ሲወጣ ታያለህ። ያኔ ሰው ደረቅ እንጨት ስለሆነ ነው ይላል። አይደለም።

ወደ ቀኝ መጥመሙ ደግሞ የቀኞቹ ጥርሶች ከግራዎቹ የተሻለ ስለሚቆርጡ ነው። መጋዙ ወደሚበረታው ጎን ይሄዳል። ከአንተ በፊት የሳለው ሰው አንዱን ጎን በደንብ፣ ሌላውን በስንፍና ሳለው ይሆናል። በተለይ ቀኝ እጃችን የሚመቸው አንድ ጎን ስላለ ይህ ሁላችንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ወይም ደግሞ የአንዱ ጎን ጥርሶች ድንጋይ ነክተዋል። ስለህ ካስተካከልክ በኋላም ከጠመመ መሪ ብረቱን ተመልከት፤ ሁለቱ ጠርዞቹ እኩል ያልተበሉ ከሆነ እሱም ያጣምማል።

እንዴት ይሳል? ክብ ሞረድ ያስፈልግሃል። ውፍረቱ እንደ ሰንሰለቱ ነው፤ 4 ሚሊ ሜትር አለ፣ 4.8 አለ፣ 5.2 እና 5.5ም አለ። ገምተህ አትግዛ። ሰንሰለቱ ላይ ወይም መሪ ብረቱ ሥር የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ከመጋዙ ጋር የመጣ መጽሐፍ ካለም ይነግርሃል። ሞረዱ ከቀጠነ ጥርሱን ወደ ውስጥ ይቆፍረዋል፤ ከወፈረ ደግሞ ስለቱ ይሰንፋል።

መሪ ብረቱን ሞርሳ (ጠርቅሞ የሚይዝ የብረት ማሰሪያ) ላይ እሰረው። ሞርሳ ከሌለህ ጉቶ ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር ቆርጠህ እዚያ አስገባው። የሰንሰለቱን ፍሬን ያዝ፤ ሰንሰለቱ እንዳይንሸራተት ነው። ከሁሉም ያጠረውንና የተጎዳውን ጥርስ ፈልግና ከእሱ ጀምር። ሞረዱን ከጥርሱ ውስጠኛ ጎን ወደ ውጭ ግፋ። ስትመልሰው አንሳው፤ ሞረድ የሚቆርጠው ወደ ፊት ሲሄድ ብቻ ነው። ወዲያና ወዲህ ካሸኸው ሞረዱንም ጥርሱንም ታበላሻለህ። ማዕዘኑ ብዙ ጊዜ 30 ዲግሪ ነው፤ ብዙ ሰንሰለቶች ላይ ከጥርሱ ጀርባ መስመር ተጭሮበታል፣ ከእሱ ጋር ትይዩ አድርገው። የሞረዱ አንድ አምስተኛ ያህል ከጥርሱ አናት በላይ ይታይ።

ስንት ጊዜ እንደገፋህ ቁጠር። ያ የመጀመሪያው ጥርስ ሹል እስኪሆን 5 ጊዜ ከወሰደ ለሌሎቹም 5 ጊዜ ስጣቸው። የአንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው ዙር። ግቡ ሁሉም ጥርሶች እኩል ርዝመት እንዲኖራቸው ነው። ስለቱ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ነጭ መስመር ካየህ ገና አልተሳለም፤ የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም።

ጉብታዋን አትርሳት። ጥርሱ በተሳለ ቁጥር አናቱ ዝቅ ይላል፤ ጉብታዋ ግን ባለችበት ናት። ስለዚህ በየ3 እና በየ4 ስለቱ ለዚሁ በተሠራ መለኪያ ለካና የተረፈውን በጠፍጣፋ ሞረድ ውሰድ። ግን አታብዛ። ጉብታዋን አብዝቶ የሞረደ ሰው ሰንሰለቱ ኃይለኛ ሆነልኝ ይላል። የሆነው ሌላ ነው፤ ጥርሱ ከሚችለው በላይ እየነከሰ መጋዙ ይርገበገባል፣ ለመራገጥም፣ ማለትም ትናንት እንዳደረገህ ወደ ፊትህ ለመወርወር፣ ይፈጥናል።

ከጥርሶቹ ያጠረው ወደ 4 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ሰንሰለቱን ጣለው። የተሰነጠቀ ጥርስ ወይም መጋጠሚያ ካየህበትም እንዲሁ፤ ሰንሰለት ሲበጠስ እንደ አለንጋ ነው የሚመጣው። ከመሪ ብረቱ ሥር ሞተሩ ጋ ያለችው ትንሽ ጥፍር የተበጠሰ ሰንሰለት እንድትይዝ ነው የተሠራችው። ወድቃ ከሆነ አስገጥማት።

አንድ ነገር ልጨምር። አንተ «መጀመሪያ ጥሩ ነበር» ብለሃል። ግንዱ መሬት ላይ ስለተኛ ቆርጠህ ስታወርደው ሰንሰለቱ አፈር ነክቷል ብዬ እገምታለሁ። አንዴ አፈር ከነካ በቂ ነው። አፈር ውስጥ አሸዋ አለ፣ አሸዋ ደግሞ ብረት ይበላል። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት በዚህ ምክንያት ሙሉ ቀን በደነዘዘ ሰንሰለት ስታገል ዋልኩ። ሲመሽ እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የውሃ ብርጭቆ መያዝ አቃተኝ። የመጨረሻዋ ግንድ ላይ መጋዙ አምልጦኝ የጫማዬን ብረት ጫረው። ብረት ያለው ጫማ ባይሆን ኖሮ ጣቶቼን መቁጠር አይጠበቅብኝም ነበር።

አሁን ወደ ርግጫው እንምጣ።

ሰንሰለቱ በመሪ ብረቱ ላይኛው ጎን ከአንተ ይሸሻል፤ በታችኛው ጎን ወደ አንተ ይመጣል። ስለዚህ በታችኛው ጎን ስትቆርጥ መጋዙ ወደ እንጨቱ ይሳባል። ይህ ጥሩ ነው፤ አካሉ ግንዱን ተደግፎ ይቆማል። በላይኛው ጎን ከታች ወደ ላይ ስትቆርጥ ግን መጋዙ ወደ አንተ ይገፋል። ይህም ካወቅከው ችግር የለውም፤ ጠንከር ብለህ ትይዘዋለህ።

አደገኛው ጫፉ ነው። ጫፉን ከጎን ስታየው የላይኛዋ ሩብ ክብ አለች። እዚያ ላይ ያለ ጥርስ እንጨት ሲነካ ገብቶ መቁረጥ አይችልም። ጥርሱ ይያዛል፤ ሰንሰለቱ ግን በሰከንድ 20 ሜትር ያህል እየበረረ ነው፤ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ያ ኃይል መሄጃ ሲያጣ መሪ ብረቱን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይወረውረዋል። እንደ በቅሎ ይራገጣል። የት? አንገትህና ፊትህ ላይ። ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ አልቋል፤ «ስሸሽ አመልጣለሁ» የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ መከላከያው ቀድሞ ነው የሚደረገው። ጫፉ ሁልጊዜ የት እንዳለ እወቅ። ከምትቆርጠው ግንድ ጀርባ ሌላ እንጨት ካለ አንሳው። በጫፉ አትውጋ። እንጨቱ ውስጥ ስትገባም ስትወጣም ሰንሰለቱ በሙሉ ፍጥነት ይዙር፤ በዝግታ እየዞረ የሚነካ ሰንሰለት ይይዛል፣ ይዘላል። ከሞተሩ ፊት ያሉትን የብረት ጥፍሮች ግንዱ ላይ ትከልና በእነሱ ላይ አድርገህ እንደ ማንሻ አውርደው።

አያያዝህን ልጠይቅህ። የግራ እጅህ አውራ ጣት ከፊተኛው እጀታ ሥር ዞሮ ነው የሚይዘው ወይስ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ከላይ ነው የተቀመጠው? ከላይ ከሆነ ሲራገጥ እጅህ ይለቃል፤ አዙረህ ያዝ። ግራኝ ብትሆንም ግራ እጅ ፊት፣ ቀኝ እጅ ኋላ ነው፤ መጋዙ የተሠራው እንደዚያ ነው። የግራ ክንድህን ቀጥ አድርግ። ጭንቅላትህና አንገትህ ከሰንሰለቱ መስመር ወደ ግራ ይራቁ። ከትከሻህ በላይ አታንሳው። መሰላል ላይ ሆነህ አትቁረጥ። በአንድ እጅማ ጨርሶ!

ያተረፈህ የሰንሰለት ፍሬኑ ነው። ከፊተኛው እጀታ ፊት ያለው መከለያ ማለት ነው። ሲራገጥ የእጅህ ጀርባ ይገፋዋል፤ ባይነካውም በራሱ ግፊት ወደ ፊት ይወድቃል። ሰንሰለቱንም በሰከንድ ክፍልፋይ ያስቆመዋል። አንዴ አድኖሃልና ውለታውን መልስለት፤ በየቀኑ ሥራ ስትጀምር ፈትነው። መጋዙን ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጠህ፣ በሁለት እጅ ይዘህ ነዳጅ ስጠውና መከለያውን በግራ አንጓህ ወደ ፊት ግፋ። ሰንሰለቱ ወዲያው ቀጥ ካላለ ያን ቀን ሥራ የለም። በራሱ የሚይዝ መሆኑን ለማየት ደግሞ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ጫፉን ከጉቶ በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ያዝና ፊተኛውን እጀታ ልቀቅ። የኋላውን ይዘህ ነው። ጫፉ ጉቶውን ሲመታ ፍሬኑ መያዝ አለበት። ካልያዘ ብዙ ጊዜ ሰጋቱራና ዘይት ተጋግሮበት ነው። የጎን ክዳኑን ከፍተህ አጽዳው፤ አሁንም ካልያዘ ለሜካኒክ ነው።

ሌላም ፍተሻ አለ። ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲዞር ሰንሰለቱ መዞር የለበትም። ከዞረ የሚኒሞውን ቡሎን ትንሽ ወደ ግራ መልሰው። ይህም ካልረዳ ፍሪሲዮኑ ታይቶ ይስተካከል። ከአንድ ግንድ ወደ ሌላ ሁለት እርምጃ እንኳን ስትሄድ ፍሬኑን ያዝ። ከዚያ በላይ ከሆነ አጥፋው።

የወደቀ ዛፍ የሞተ ይመስላል። አይደለም፤ የተጠመጠመ ጉልበት አለበት። ጀማሪዎችን የማስጠነቅቀው ከቆመ ዛፍ ይልቅ በዚህ ነው፤ የቆመውን ሁሉም ይፈራዋል።

ግንዱ በምን ላይ እንዳረፈ ተመልከት። ሁለቱም ጫፎቹ ተደግፈው መሐሉ አየር ላይ ከሆነ ላይኛው ጎን ይጨመቃል፣ ታችኛው ይለጠጣል። ከላይ ብቻ ከቆረጥክ ግንዱ ይቀመጥና መጋዝህን ይነክሰዋል። ስለዚህ ከላይ ሲሶውን ቁረጥ፣ የቀረውን ከታች ወደ ላይ አምጣው። አንዱ ጫፍ ብቻ ተደግፎ ሌላው ከተንጠለጠለ ነገሩ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ከታች ሲሶውን፣ ከዚያ ከላይ። መሬት ላይ ተዘርግቶ ከተኛ ከላይ አብዛኛውን ቁረጥ፣ ግንዱን አንከባለው፣ የቀረውን ከዚያኛው ጎን ጨርስ። አፈሩን አትነካም ማለት ነው። ቁልቁለት ከሆነ ከላይኛው በኩል ቁም፤ የተቆረጠ ግንድ ይንከባለላል።

የታጠፈ ቅርንጫፍ ከሁሉ የባሰ ነው። ዛፉ ላዩ ላይ ወድቆበት እንደ ቀስት የተለጠጠ ቀጭን እንጨት ሲቆረጥ ተስፈንጥሮ ይመታል። በአንድ ምት አትቁረጠው። ከሚወረወርበት መስመር ውጭ ቆመህ፣ በታጠፈው ውስጠኛ ጎን ትንንሽ እየነካህ ጉልበቱን ቀስ በቀስ አስለቅቀው። ቅርንጫፍ ስትመለምል ደግሞ ግንዱ በአንተና በመጋዙ መካከል ይሁን። ከሥር ግንዱን የደገፉትን ቅርንጫፎች መጨረሻ ላይ ተዋቸው፤ ቀድመህ ከቆረጥካቸው ግንዱ እግርህ ላይ ነው የሚያርፈው።

ዛፉ ከነሥሩ ተነቅሎ ከሆነ የወደቀው፣ ሥሩ ከነአፈሩ እንደ ግድግዳ ቆሟል አይደል? ግንዱን ስትቆርጥለት ክብደቱ ይቀልና ያ ግድግዳ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል። ከኋላው ማንም አይቁም። ልጆች ደግሞ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ መጫወት ይወዳሉ። መቁረጥ ከመጀመርህ በፊት ሂድና በዓይንህ እይ።

መጋዙ ከተነከሰ አጥፋውና እጅህን አንሳ። እየነዘነዝክ አትጎትተው። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሽብልቅ መትተህ ስንጥቁን ክፈትለት። የብረት ሽብልቅ አይሆንም፤ ሰንሰለቱ ከነካው ስለትህ ሁሉ አለቀ።

ግሎ አልነሳ የሚለው ጉዳይ። መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ፦ በጋለ ሞተር ላይ ቾክ (ለማስነሻ አየሩን የሚያሳንሰውን መሳቢያ) ትስባለህ? ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል። ቾክ ለቀዝቃዛ ሞተር ነው። የጋለው ላይ ከሳብከው ቤንዚን ያጥለቀልቀዋል። ሽታው ይነግርሃል። ከሆነ ማብሪያ ማጥፊያውን ዝጋ፣ ካንዴላውን ፈትተህ አድርቀው፣ ቾኩን መልሰህ ገመዱን ከ6 እስከ 8 ጊዜ ሳብ። ከካንዴላው ቀዳዳ ቤንዚን ስለሚረጭ ፊትህን አርቅ፤ አጠገብህ እሳት አይኑር። ከዚያ ካንዴላውን አስርና ያለ ቾክ ሞክር። የካንዴላው ክፍተት ብዙ ጊዜ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው።

ቾኩ ካልሆነ የአየር ማጣሪያውን እይ። በደነዘዘ ሰንሰለት ያመረትከው ያ ሁሉ ዱቄት የሄደው እዚያ ነው። ሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉትን የብረት ክንፎችም እንዲሁ። በሰጋቱራ ከተደፈኑ ሞተሩ አይተነፍስም፤ ሲግል ደግሞ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ወደ ትነት ይለወጥና አይነሳም። ሁሉንም አጽድተህም ካልተነሳ የሲሊንደሩ ግፊት ደክሞ እንደሆነ ለመገመት የድሮ ሰዎች ዘዴ አለ። ማብሪያ ማጥፊያው ተዘግቶ፣ መጋዙን በገመዱ እጀታ ብቻ ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርገህ አንጠልጥለው። እየተያዘ ቀስ ብሎ ከወረደ ደህና ነው። ሸርተት ብሎ ከወረደ ፒስተኑና ቀለበቶቹ ይታዩ።

ድብልቁን እንዴት ነው የምትሠራው? ይህ ሞተር የራሱ የዘይት ቋት የለውም። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለው ዘይት ብቻ ነው። ንጹህ ቤንዚን ከሞላህበት በደቂቃዎች ውስጥ ግሪፕ ያደርጋል፣ ፒስተኑ ተጣብቆ ይቀራል ማለት ነው፤ ሌላ መፍትሔ የለውም። አብዛኞቹ የዛሬ መጋዞች 50 ለ 1 ይፈልጋሉ፤ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ማለት ነው። አሮጌዎቹ 25 ለ 1 የሚሉ አሉ፤ ያ ለ1 ሊትር 40 ነው። የአጎትህ መጋዝ ያረጀ ከሆነ ክዳኑ ላይ ወይም መጽሐፉ ላይ ያለውን እይ። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም። ድብልቅ ይበላሻል፤ ከወር በላይ የቆየውን አትጠቀም። ጋኑን ነቅንቀህ ቅዳ። ስትሞላ ሞተሩ ይጥፋ፣ ትንሽ ይብረድ፤ ከሞላህበት ቦታም 3 ሜትር ያህል ራቅ ብለህ አስነሳው። ሲጋራ እንዳታስብ።

ሁለተኛው ቋት የሰንሰለቱ ዘይት ነው፤ አታምታታቸው። ቤንዚን በሞላህ ቁጥር እሱንም ሙላ። መውጣቱን ለማወቅ ጫፉን ከአንድ ደረቅ ጉቶ በላይ ከፍ አድርገህ ነዳጅ ስጠው፤ ቀጭን የዘይት መስመር መታየት አለበት። ካልታየ የመሪ ብረቱን ቦይና የዘይቷን ቀዳዳ በቀጭን ነገር ጥረግ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚሞሉ አሉ። የብረት ብናኝና ቆሻሻ አለበት፣ ፓምፑንም ይበላዋል፣ ሲረጭም አንተው ላይ ነው። መሪ ብረቱን ደግሞ ሰንሰለት ባወጣህ ቁጥር ገልብጠህ ግጠመው፤ ሁለቱ ጠርዞች እኩል ይበላሉ።

ስለ ውጥረቱ። ሰንሰለቱ ከታች በኩል ሳይንጠለጠል ከመሪ ብረቱ ጋር ተጠግቶ፣ ፍሬኑ ተለቆ በእጅ ሲሳብ ግን መዞር አለበት። ስታስተካክል ዳዶዎቹን አላላ፣ ጫፉን ወደ ላይ አንሳ፣ መወጠሪያዋን ቡሎን አዙር፣ ጫፉን እንዳነሳህ ዳዶዎቹን እሰር። ግሎ ሳለ ከወጠርከው ሥራ ስትጨርስ አላላው። ሲቀዘቅዝ ስለሚያጥር መሪ ብረቱንና ዘንጉን ያንቃል። አዲስ ሰንሰለት በመጀመሪያው ቀን ይለጠጣል፤ ቶሎ ቶሎ እየው።

ስታስነሳ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ፍሬኑ ተይዞ፣ ቀኝ እግርህ የኋላው እጀታ ውስጥ ገብቶ፣ ግራ እጅህ ፊተኛውን ጨብጦ። አንዳንዱ አየር ላይ ወርወር እያደረገ ያስነሳዋል። ፊልም ላይ ያምራል፤ እግር ላይ ግን አያምርም።

ልብስህን አልነገርከኝም። ጂንስ ለዚህ ሰንሰለት ወረቀት ነው። የመጋዝ ሱሪ የሚባለው ውስጡ ረጃጅም ክር አለው፤ ሰንሰለቱ ሲነካው ክሩ ተመዞ የሚያዞረውን ጥርስ ይጠመጥመዋል፣ ሰንሰለቱም ይቆማል። አንዴ ከተቆረጠ አትስፋው፤ ሥራውን ጨርሷል። ብረት ያለው ጫማ፣ ጓንት፣ ከነፊት መከለያው የራስ ቁር፣ የጆሮ መከላከያ። የሞተሩ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ጆሮ ደግሞ አይመለስም። ብቻህን አትሥራ። የሚጠራህን ሰው ከፊት ለፊትህ እንዲመጣ ንገረው፣ ከጀርባህ እንዳይነካህ። ደም የሚያቆም ትልቅ ፋሻ ኪስህ ውስጥ ይኑር፤ ቤት ውስጥ ያለ ፋሻ ሩቅ ነው።

የቆመውን ዛፍ በተመለከተ ግን አሁን አይሆንም እልሃለሁ። ዛፍ የሚወድቀው ሰው ወደፈለገበት ሳይሆን ሳይቆረጥ በተተወችው ቀጭን የእንጨት ማጠፊያ መሪነት ነው፤ ውፍረቷም ከግንዱ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። እሷን አሳስተህ ከቆረጥካት ዛፉ መሪ የለውም። ከዚያ በላይ ዘንበል ያለበትን፣ የቅርንጫፎቹ ክብደት የሚያደላበትን፣ ውስጡ የበሰበሰ መሆን አለመሆኑን ማንበብ አለብህ፤ የምትሸሽበትን መንገድም አስቀድመህ መጥረግ አለብህ። የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ በሚያህል ርቀት ዙሪያውን ሰው መኖር የለበትም። አጠገቡ የነበረው ዛፍ ሲወድቅ ሥሩን ነካክቶበት ከሆነ ደግሞ እሱም የላላ ሊሆን ይችላል። ለሚያውቅበት ሰው ስጠው፤ አንተ ራቅ ብለህ እይ።

እስከዚያው ሰንሰለቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና መሪ ብረቱ ሥር ያለውን ጻፍልኝ። የትኛው ሞረድ እንደሚስማማው እነግርሃለሁ።